ኢማም አሽ-ሻፊዒይ በእናታቸው ቤት

ዕውቀትን ሌባ የማይሰርቀው፣ እሳትም የማይበላው ሀብት ላደረገ ለአላህ ምስጋና ይገባው። የቲም ሆነው አድገው ለዓለም ሁሉ መምህር በሆኑት በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰባቸውና በባልደረቦቻቸውም ላይ ሰላትና ሰላም ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፤ አንባቢ ሆይ! ልጅህን ወደ ቁርኣን ቤት ወይም ወደ ትምህርት ቤት በላክህ ጊዜ የመምህሩን ዋጋ ከፍለህ፣ ደብተሩንና ልብሱን ገዝተህ፣ የአባትነት ግዴታዬን ፈጸምሁ ብለህ በሱቅህ ተቀምጠህ ይሆናል። ልጁ ትምህርቱ ያልገባው እንደ ሆነ አንተ መምህሩን ትወቅሳለህ፤ መምህሩም ልጁን ይወቅሳል፤ ልጁም በመጨረሻው ራሱን ይንቃል። በዚህ ሁሉ መካከል ስለ ቤትህ የሚጠይቅ የለም። በማታ በማዕድህ ዙሪያ የሚወራው ምንድን ነው? በቤትህ የሚከበረው ባለ ዕውቀት ነው ወይስ ባለ ገንዘብ ብቻ? ልጁ አንድ ነገር ቢጠይቅ የሚመልስለት ማን ነው? ስለዚህ ነገር በምክር ብቻ ብንናገርህ ቃላችን ይደርቅብሃልና፣ ከእስልምና ታላላቅ ሊቃውንት የአንዱን ሕይወት እንተርክልሃለን። የምንተርከውም ከሹመታቸውና ከዝናቸው ይልቅ ሕፃንነታቸውን ነው።

ሙሐመድ ኢብን ኢድሪስ አሽ-ሻፊዒይ በ150 ዓመተ ሂጅራ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ767 ዓ.ም.፣ በፍልስጥኤም ምድር በጋዛ ተወለደ። በዚያው ዓመት ታላቁ ኢማም አቡ ሐኒፋ በባግዳድ ከተማ ሞቱ። ሕፃኑ ገና ከእናቱ ጀርባ ሳይወርድ አባቱ ኢድሪስ ሞተ። ኢድሪስ ድሃ ሰው ስለ ነበረ ለሚስቱና ለልጁ የተወው ርስትም ሆነ ወርቅ አልነበረም፤ የተወለት የዘር ሐረግ ብቻ ነው። ይህም ሐረግ በአል-ሙጠሊብ በኩል ወደ ቁረይሽ የሚደርስ፣ በዐብዱ መናፍም ላይ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሐረግ ጋራ የሚገናኝ ነው። እናቱ ግን አብዛኞቹ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ከየመን ሰዎች ከአዝድ ነገድ ወገን ነበረች።

እስቲ ወንድሜ ሆይ፣ ራስህን በዚህች ሴት ስፍራ አድርገህ አስብ። ባሏ የሞተባት፣ ሕፃን ያዘለች፣ ገንዘብ የሌላት ሴት ናት። ጋዛ ነጋዴዎች የሚመላለሱባት የባሕር ዳር ከተማ ስለ ሆነች እንጀራ የሚገኝባት አገር ናት። በዚያ አካባቢም የየመን ነገዶች ሰፍረው ነበርና ወገን አላጣችም። ሌላ ሴት ብትሆን በዚያው ተቀምጣ ልጁ እስኪጎለምስ ትጠብቅ፣ ከጎለመሰም በኋላ ለአንድ ነጋዴ አገልጋይ አድርጋ ትሰጠው ነበር። ይህን ብታደርግም የሚነቅፋት አይኖርም ነበር። እርሷ ግን የልጁ ሐረግ እንዳይጠፋና ከዘመዶቹ ተለይቶ ባዕድ ሆኖ እንዳይቀር ፈራች። ስለዚህ እጅግ በታወቀው ትረካ መሠረት ልጁ ሁለት ዓመት ሲሆነው ይዛው ወደ መካ ተጓዘች። ከጋዛ እስከ መካ ያለው መንገድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አብዛኛውም በረሃ ነው።

ይህች ሴት ልጄ ምን ይበላል ብላ ብቻ አላሰበችም፤ ልጄ ከማን ጋራ ያድጋል ብላም አሰበች። በመካ የጠበቃት ኑሮ ከጋዛው የተሻለ አልነበረም። ሸዕብ አል-ኸይፍ በተባለው ሰፈር ተቀመጡ፤ ድህነታቸውም እንደ ነበረ ቀጠለ። ነገር ግን መካ በዚያ ዘመን የተለየች ከተማ ነበረች። በሐረሙ መስጂድ ውስጥ እንደ ሱፍያን ኢብን ዑየይና ያሉ የሐዲስ ሊቃውንት፣ እንደ ሙስሊም ኢብን ኻሊድ አዝ-ዘንጂ ያሉ የፊቅህ ሊቃውንት ክብ ሠርተው ያስተምራሉ። ዘወትር በየዓመቱም በሐጅ ወራት ከኹራሳን፣ ከዒራቅ፣ ከግብፅና ከየመን ሕዝብ ይጎርፋል። የመካ ልጅ በደጃፉ ተቀምጦ ብቻ የብዙ አገር ሰው ቋንቋና ልማድ ይሰማል። በሰፈሩም ሰዎች ቆመው የሚነሡለት፣ ስፍራም የሚለቁለት ሰው ሊቁ እንደ ሆነ በዓይኑ ያያል። አንድ ሕፃን ምን መሆን እንደሚገባው የሚማረው አስቀድሞ በዚህ ነው፤ ማን እንደሚከበር አይቶ።

እናቱም ሙሐመድን ወደ ቁርኣን ቤት አገባችው። ለመምህሩ የምትከፍለው ግን አልነበራትም። መምህሩም ዋጋ የማይከፈልበትን ልጅ ቸል ይለው ጀመር፤ ይህ በሁሉም ዘመን ያለ ነገር ነውና አያስደንቅም። ሕፃኑ ግን መምህሩ ለሌሎቹ ልጆች የሚናገረውን በጥግ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር፤ መምህሩ ተናግሮ ሳይጨርስም በቃሉ ይይዘዋል። መምህሩ በተነሣ ጊዜ ሙሐመድ ያንኑ ትምህርት መልሶ ለጓደኞቹ ያስተምራቸዋል። መምህሩ ይህን ባየ ጊዜ ሕፃኑ የሚያቀልለት ሥራ ከሚከፈለው ገንዘብ የሚበልጥ ሆኖ ስላገኘው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋጋ መጠየቁን ተወ። እንዲህ ሆኖ ሙሐመድ በ7 ዓመቱ ቁርኣንን በቃሉ ጨረሰ። ሌላውን እያስተማረ የተማረው ነገር በልቡ ውስጥ እንዴት እንደ ጸና ልብ በል፤ ታላቁ ልጅህ ለታናሹ ትምህርቱን እንዲያስረዳ ብታደርግ የምታተርፈው ታናሹን ብቻ አይደለም።

ከዚያም ወደ ሐረሙ መስጂድ እየሄደ በሊቃውንቱ ክብ ጫፍ ላይ መቀመጥ ጀመረ። ሐዲስ ወይም የፊቅህ ጥያቄ በሰማ ጊዜ ሊጽፈው ይወዳል፤ ነገር ግን እናቱ ወረቀት የምትገዛበት ገንዘብ የላትም። ስለዚህ ከመንገድ ሰፊ አጥንት እየለቀመ በእርሱ ላይ ይጽፍ ነበር። በቤታቸውም አንድ አሮጌ ማሰሮ ነበረች፤ አጥንቱ በጽሑፍ በሞላ ጊዜ በዚያች ማሰሮ ውስጥ ይጥለዋል። ደግሞም ወደ መንግሥት ጽሕፈት ቤት ወደ ዲዋኑ እየሄደ፣ በአንድ ወገን የተጻፈባቸውን የተጣሉ ወረቀቶች ለምኖ በጀርባቸው ይጽፍ ነበር።

እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ በልቤ የምትመላለሰው ያቺ ማሰሮ ናት። በድሃ ቤት ውስጥ ማሰሮ ዋጋ ያላት ዕቃ ናት፤ ውሃ ይያዝባታል፣ እህል ይቀመጥባታል። የቤቷ እመቤት አጥንት ሞልቶባት ባየች ጊዜ፣ ይህን ቆሻሻ አውጣልኝ ብላ ብትቆጣ ማን ይፈርድባታል? ማሰሮዋ ግን በስፍራዋ ኖረች። ልጅህ የሰበሰበውን ጠጠር፣ የቀደደውን ወረቀት፣ በግድግዳ ላይ የሞነጫጨረውን ባየህ ጊዜ ይህችን ማሰሮ አስብ። ስፍራ የሌለው ልጅ አሳቡን የሚያስቀምጥበት አያገኝም።

ይህችስ እናት ዝም ብላ የምትታገሥ ያልተማረች ሴት ነበረችን? አልነበረችም። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ አንድ ቀን ከሌላ ሴት ጋራ ሆና በመካ ቃዲ ፊት ለምስክርነት ቀረበች። ቃዲውም ሁለቱን ሴቶች ለይቶ እያንዳንዳቸውን ለብቻ ሊጠይቅ ፈለገ። የሙሐመድ እናት ግን ይህ አይገባህም አለችው። በብድር ውል ላይ ሁለት ሴቶች እንዲመሰክሩ ያዘዘው የቁርኣን አንቀጽ፣ ምክንያቱን አንዲቱ ብትረሳ ሌላይቱ እንድታስታውሳት መሆኑን ይናገራልና፣ ከተለያዩ ማስታወሱ እንዴት ይሆናል ስትል ጠየቀችው። ቃዲውም መልስ አጥቶ እንደ አሳቧ አደረገ። አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን መርምር። አንቀጹን በቃል መያዝ ብቻ ቢሆን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እርሷ ያደረገችው ከአንቀጹ ምክንያቱን አውጥታ በፊቷ ባለው ጉዳይ ላይ ማዋል ነው። ይህም ልጇ በኋላ ዘመን ኡሱል አል-ፊቅህ በተባለው ትምህርት ለዓለም ሥርዓት የሠራለት የአስተሳሰብ መንገድ ነው። እንዲህ ያለ አነጋገር በሚሰማበት ቤት ያደገ ልጅ ለምን ብሎ መጠየቅን ከማንም ሳይበደር ይማራል።

በዘመናችን የሕፃናትን አእምሮ ዕድገት የሚመረምሩ ሊቃውንትም፣ ሕፃን ገና አፉን ሳይፈታ የሚነገረው ቃል፣ ሲኮላተፍም የሚሰጠው መልስ፣ በኋላ ለሚያውቃቸው ቃላት ብዛትና ለማስተዋሉ መሠረት እንደሚሆን ይናገራሉ። ለልጅ መናገር ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ድሃዋ የመካ እናት ከባለጠጋ የምታንስበት ነገር አይደለም።

ሙሐመድ ከፍ ባለ ጊዜ ከመካ ከተማ ወጥቶ ሁዘይል በተባሉት የበረሃ ሰዎች ዘንድ ተቀመጠ። ሁዘይሎች በዐረቦች መካከል ንጹሕ ዐረብኛ በመናገር የታወቁ ነበሩ። ከእነርሱ ጋራ እየተጓዘ፣ ሲሰፍሩ እየሰፈረ፣ ዓመታት ኖረ፤ ግጥማቸውንና የዘር ታሪካቸውንም ተማረ። ቀስት መወርወርንም ከመውደዱ የተነሣ ከ10 ፍላጻ 10ሩን ዒላማ ላይ የሚያሳርፍ ሆነ። አል-አስመዒይ የተባለው ታላቁ የቋንቋ ሊቅ እንኳ በኋላ ዘመን የሁዘይልን ግጥም ከእርሱ ዘንድ ያቃና እንደ ነበረ ይተረካል። ቋንቋን ከመጽሐፍ የተማረ ሰው ቃሉን ያውቃል፤ ከሚናገሩት ሰዎች ጋራ በእሳት ዙሪያ ተቀምጦ የተማረ ግን ቃሉ የሚነገርበትን ስፍራም ያውቃል።

ነጋዴ ሆይ፣ ይህን ነገር በራስህ ሱቅ ልታየው ትችላለህ። በ1985 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። በብራዚል አገር በረሲፌ ከተማ በገበያ የሚሸጡ 5 ልጆችን ተመራማሪዎች እንደ ገዢ ሆነው ቀርበው ሒሳብ ጠየቋቸው። ልጆቹ በገበያው ላይ ከተጠየቁት ሒሳብ ከመቶ 98ቱን በትክክል መለሱ። ያንኑ ዓይነት ቁጥር በወረቀት ላይ፣ ያለ ሸቀጥና ያለ ገዢ፣ እንደ ትምህርት ቤት ፈተና በሰጧቸው ጊዜ ግን በትክክል የሠሩት ከመቶ 37ቱን ብቻ ሆነ። እንግዲህ በትምህርት ቤት ደካማ ነው የሚባለው ልጅ፣ በአባቱ ሱቅ የጎደለውን መልስ ሳይሳሳት የሚቆጥር ሊሆን ይችላል። የልጁ አእምሮ ያው አንድ ነው፤ የተለየው ስፍራው ነው። ስለዚህ ልጅህን ከሚዛንህና ከመዝገብህ አታርቀው፤ ትምህርት ቤት ያስተማሩትንም በሱቅህ ዕቃ አስረዳው።

ስለ ልማድ ልዩነት ካነሣን ዘንድ፣ ኢብን ኸልዱን በ779 ዓመተ ሂጅራ (በ1377) በጨረሰው በሙቀዲማው ውስጥ የጻፈውን ማንሣት ይገባል። የመግሪብ ሰዎች ሕፃናትን ቁርኣን ብቻ ያስተምራሉ፤ የአንደሉስ ሰዎች ግን ከቁርኣን ጋራ ግጥም፣ ሰዋስውና የእጅ ጽሕፈት ይጨምራሉ። ከዚህም የተነሣ የመግሪብ ልጆች ቁርኣንን በማጽናት ይበልጣሉ፤ የአንደሉስ ልጆች ደግሞ በቋንቋ ይበረታሉ። ኢብን ኸልዱን ይህን ሁሉ የየአገሩ ልማድ ፍሬ አድርጎ ያስረዳል እንጂ፣ የአንዱ አገር ልጅ ከሌላው አገር ልጅ በተፈጥሮ ያንሳል አይልም። በጭካኔ የተማረ ልጅ ዱላን ስለሚፈራ ሐሰትንና ተንኮልን ይለምዳል፣ ልቡም ይጠብባል ብሎ ከማስጠንቀቅ ደግሞ አልቦዘነም። ዱላ የበዛበትን ቤት ከማውቃቸው ቤቶች ስቈጥር፣ ቃሉ እውነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ሙሐመድ ከሁዘይል በተመለሰ ጊዜ ግጥም ይወድ ነበርና፣ በግጥም ብቻ እንዳይቀር አንድ ሰው መከረው፤ ይህን የመሰለ አእምሮና አንደበት ለፊቅህ ቢሆን መልካም እንደ ሆነ ነገረው። እርሱም ምክሩን ተቀበለ። ሙስሊም ኢብን ኻሊድ ዘንድ ተማረ፤ ገና 15 ዓመት ሲሆነውም መምህሩ ፈትዋ እንዲሰጥ እንደ ፈቀዱለት ይተረካል። ከእንግዲህ ወዲያ እኛም ሕፃኑን ሙሐመድን በአክብሮት ኢማሙ ብለን እንጠራቸዋለን።

ኢማሙ የመዲናውን ሊቅ የኢማም ማሊክን ዝና በሰሙ ጊዜ፣ ባዶ እጃቸውን ሊቀርቧቸው አልወደዱም። ሙወጠእ የተባለውን የኢማም ማሊክን መጽሐፍ ከአንድ ሰው ተውሰው በቃላቸው አጠኑት። ከመካ ገዢም ለመዲና ገዢ የተጻፈ የአደራ ደብዳቤ ይዘው ሄዱ። የመዲናው ገዢ ግን ከመዲና እስከ መካ በእግሬ ብሄድ በማሊክ ደጅ ከመቆም ይቀልለኛል ብሎ አመነታ፤ የኢማም ማሊክ ግርማ እንዲህ ያለ ነበር። በመጨረሻው አብረው ሄዱ። ኢማም ማሊክም ደብዳቤውን ባዩ ጊዜ የነቢዩ ዕውቀት በደብዳቤ የሚለመን ሆነን ብለው ጣሉት። ገዢው በፍርሃት ዝም ሲል፣ ወጣቱ ራሳቸው ቀርበው ማን እንደ ሆኑና ምን እንደሚፈልጉ በለሰለሰ ቃል ተናገሩ። ኢማም ማሊክ ተመለከቷቸው፤ አላህን እንዲፈሩና ከኃጢአት እንዲርቁ መክረው በማግሥቱ እንዲመጡ ነገሯቸው። በማግሥቱም መጽሐፉን ሳይገልጡ በቃላቸው ያነቡ ጀመር፤ ማሊክ እንዳይሰለቹ ፈርተው ሊያቋርጡ ባሉ ቁጥር ሽማግሌው ንባባቸውን ወድደው እንዲቀጥሉ ያዝዟቸው ነበር። ማሊክ በ179 (በ795) እስኪሞቱ ድረስም ደቀ መዝሙራቸው ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ኢማሙ ሥራ አግኝተው ወደ የመን ሊሄዱ ሆነ። ለስንቅና ለመንገድ የሚሆን ግን በእናታቸው እጅ ምንም አልነበረም። እናቲቱም ቤቷን በመያዣ ሰጥታ ገንዘብ ተበደረችና ላከቻቸው። በንግድ የኖርህ አንተ፣ መኖሪያን በመያዣ ማስያዝ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግህም።

በየመን ሳሉ ፍርዳቸው የቀና ስለ ነበረ ጠላት አፈሩ። በ184 (በ800 ገደማ) በኸሊፋው በሃሩን አር-ረሺድ ላይ ከሚያሤሩት ዐለዊዮች ጋራ ተባብረዋል ተብለው ተከሰሱ፤ ታስረውም ወደ ዒራቅ ተወሰዱ። ያን ጊዜ የ34 ዓመት ሰው ነበሩ። አብረዋቸው የተከሰሱት ሰዎች በሰይፍ እንደ ተቀጡ ጸሐፊዎቹ ይተርካሉ። የኢማሙ ተራ በደረሰ ጊዜ ግን በሰይፉ ፊት ቆመው ንግግር አደረጉ። እንደ ወንድሙ የሚቈጥረኝን ሰው ትቼ እንደ ባሪያው የሚቈጥረኝን እንዴት እመርጣለሁ በሚል ክርክር፣ የኸሊፋው ቤት ለእርሳቸው የቁረይሽ ዘመድ መሆኑን አስታወሱ። የአቡ ሐኒፋ ደቀ መዝሙር ሙሐመድ ኢብን አል-ሐሰንም በዚያ ተቀምጠው ስለ ነበር ዕውቀታቸውን መሰከሩላቸው፤ ኸሊፋውም ማራቸው።

አስተውል፤ በዚያች ሰዓት ያዳናቸው ምን ነበር? አንደኛው እናታቸው እንዳይጠፋ ብላ በረሃ ያቋረጠችለት ሐረግ ነው። ሌላው ከሁዘይል ድንኳን የተማሩት አንደበት ነው። ሦስተኛው በአጥንት ላይ የጀመሩት ዕውቀት ነው። ከዚህም መከራ ሲወጡ ለሹመት ዳግመኛ አልተመኙም፤ ባስጣሏቸው ሰው በሙሐመድ ኢብን አል-ሐሰን ዘንድ ተቀምጠው የዒራቅን ሊቃውንት ፊቅህ ተማሩ፤ የግመል ሸክም የሚያህል መጽሐፍም ከእርሳቸው ጽፈው ወሰዱ።

በአንድ ወቅት ኢማሙ በሃሩን ልጆች አስተማሪ ዘንድ ቀረቡ፤ ይህን አስተማሪ እንዲመክሩት ተጠየቁ። ምክራቸውን በራሳችን ቃል እንናገረዋለን። አስቀድመህ ራስህን አርም አሉት፤ የልጆቹ ዓይን በአንተ ዓይን የታሰረ ስለ ሆነ፣ አንተ የምትወደው በእነርሱ ዘንድ ያማረ፣ አንተ የምትተወው ደግሞ የከፋ ይሆናል። የአላህን መጽሐፍ አስተምራቸው፤ ነገር ግን እስኪሰለቹ አታስገድዳቸው፣ እስኪተዉትም ድረስ አትልቀቃቸው። አንዱን ትምህርት በሚገባ ሳይዙ ወደ ሌላው አትውሰዳቸው፤ በጆሮ ውስጥ የሚጨናነቅ ቃል አስተዋይነትን ያደናግራልና። ወረቀት መግዣ ያልነበረው የመካ የቲም፣ የዓለምን ባለጠጋ ልጆች እንዴት ማሳደግ እንደሚገባ እንዲህ አድርጎ አስተማረ።

ኢማሙ በ195 ወደ ባግዳድ ተመልሰው አስተማሩ፤ ከተማሪዎቻቸውም አንዱ ኢማም አሕመድ ኢብን ሐንበል ነበሩ። አር-ሪሳላ የተባለውን መጽሐፋቸውን ጻፉ፤ በኋላም በግብፅ ሳሉ እንደ ገና አድሰው ጻፉት። ከየመን ወደ መካ ሲመለሱ 10,000 ዲናር ይዘው ስለ ነበር፣ ከከተማው ውጭ ድንኳን ተክለው ወደ እርሳቸው ለመጣ ሰው ሁሉ እያካፈሉ ጨርሰውት እንደ ገቡም ይተረካል። በ199 (በ814 ገደማ) ወደ ግብፅ ወረዱ። በዚያም የአገሩን ሰዎች ልማድና የሰሙትን አዲስ ማስረጃ መርምረው፣ በዒራቅ ከሰጡት ፍርድ ብዙውን ለወጡ፤ የመድሀባቸው ሰዎች የቀድሞውን ቀዲም፣ የኋላውን ጀዲድ የሚሉት ስለዚህ ነው።

ይህን ወደ አማርኛ የመለሰው ሰው እዚህ ላይ ጥቂት ቢጨምር አንባቢ ይቅር ይለዋል። በአገራችን በሐረርና በምሥራቁ ክፍል፣ በወሎም በብዙ ስፍራ የሚሠራበት መድሀብ የእርሳቸው ነው። በየገጠሩ የቁርኣን ቤት ልጆች ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም በእንጨት ሎሕ ላይ ሲጽፉ፣ ሲያጥቡና እንደ ገና ሲጽፉ ያየ ሰው፣ የአጥንቱና የማሰሮዋ ነገር ሩቅ አይሆንበትም።

በፉስጣጥ በዐምር ኢብን አል-ዓስ መስጂድ ያስተማሩበት ሥርዓት የሚደነቅ ነው። ከሱብሕ ሰላት በኋላ የቁርኣን ተማሪዎች ይቀርባሉ፤ ፀሐይ በወጣች ጊዜ እነርሱ ተነሥተው የሐዲስ ተማሪዎች ይተካሉ፤ ከዚያም ለክርክርና ለመመርመር የሚመጡት ይቀመጣሉ፤ ረፋዱ ላይ ደግሞ የቋንቋ፣ የሰዋስውና የግጥም ሰዎች እስከ እኩለ ቀን ድረስ ይቆያሉ። የሐረሙ መስጂድና የሁዘይል ድንኳን በአንድ ምንጣፍ ላይ የተገናኙ ይመስላል።

ከተማሪዎቻቸው መካከል አር-ረቢዕ ኢብን ሱለይማን አል-ሙራዲ የሚባል በዚያው መስጂድ አዛን የሚያደርግ ወጣት ነበረ። ይህ ወጣት ነገር ቶሎ የማይገባው ነበረ። አንድ ቀን ኢማሙ አንዲት ጥያቄ 40 ጊዜ ደጋግመው አስረዱት፤ አልገባውም። አር-ረቢዕም በጓደኞቹ ፊት አፍሮ ከክቡ ተነሥቶ ወጣ። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? እኛ ብዙዎቻችን በሦስተኛው ጊዜ ቁጣ፣ በአምስተኛው ጊዜ ስድብ ይቀናናል። ይህ ልጅ ለትምህርት አልተፈጠረም ብለን ወደ ሌላ ሥራ እንልከዋለን፤ ይህንም ቃል ልጁ እየሰማ እንናገረዋለን፣ ለእንግዳም እንደግመዋለን። ኢማሙ ግን በኋላ ለብቻው ጠሩት፤ ሰው በሌለበት ስፍራ እስኪገባው ድረስ አስረዱት። ዕውቀትን ላጎርስህ ብችል ባጎረስሁህ ነበር ይሉትም ነበር ይባላል።

ኢማሙ በረጀብ ወር መጨረሻ በ204 (በጥር 820) በፉስጣጥ ሞቱ፤ ዕድሜያቸው 54 ዓመት ነበረ። መጽሐፎቻቸውን ከቃላቸው ሰምቶ የጻፈው፣ ጽፎም ያቆየው ያው አር-ረቢዕ ነው። ከኢማሙ በኋላ 66 ዓመት ያህል ኖሮ በ270 (በ884) ሞተ። በእነዚያ ዓመታት የሻፊዒይን መጽሐፎች ከእርሱ አፍ ለመስማት ከየአገሩ የመጡ ሰዎች ግመሎቻቸውንና በቅሎዎቻቸውን በደጁ ያስሩ ነበር። አል-ኡምም የተባለው ታላቅ መጽሐፍ ዛሬ በእጃችን ያለው በእርሱ በኩል የተላለፈው ነው።